አያ ዳምጤ ማሲንቆውን የተወ ዓመት

አኮርዲዮን ሲከፈት ከዜማው ቀድማ የምትወጣ አንዲት ትንፋሽ አለች፤ እሷን በሰማሁ ቁጥር ዳንግላ የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል፣ እናቴም ፊቷን አኮሳትራ።

ጎረቤታችን አያ ዳምጤ ማሲንቆ ይመታ፣ ሚስቱ ብርቄ ከበሮ ትደልቅ ነበር፤ እነሱ ያልመጡበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። እናቴ ከማንም አብልጣ ትወዳቸው ነበር። «ተቀበል!» ብላ ስንኝ ስትሰጠው፣ በአማርኛም ይሁን በአገውኛ፣ አያ ዳምጤ በዜማ አድርጎ ለሰዉ ሁሉ ያደርስላት ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሆዷን ለማንም የማትገልጠው እናቴ፣ የልቧን የምትናገረው በእሱ አፍ ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት አያ ዳምጤ በሬውን ሸጦ ወደ ደብረ ማርቆስ ወረደና እዚያው ሰንብቶ፣ አኮርዲዮን አንግቶ፣ በሬዲዮ የሚሰሙ ዘፈኖችን ሸምድዶ ተመለሰ። ትልልቆቹ «በሬ ሸጦ ፉጨት ገዛ» እያሉ ይሥቁበት ነበር፤ እኛ ልጆች ግን በዚያ ዝናብ ከደጃፉ ተኮልኩለን እናዳምጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ወድጄው ነበር። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መስከረም ጠብቶ ማኅበር በተበላበት ቤት ሲጫወት፣ እናቴ እንደ ልማዷ «ተቀበል!» አለችው። የአኮርዲዮኑ ጩኸት ድምጿን ዋጠው፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ የሸመደደውን ቀጠለ። ደግማ አለችው፤ አልሰማትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

«ዜማውንስ ይለውጥ፤ ጆሮውን ለምን ለወጠው?» አለች መንገድ ላይ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ እንኳ ቀዘቀዘ።

ለጥር የእኅቴ የሰርግ ቀን ተቆረጠ። እናቴ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ሌላ አዝማሪ ላስመጣ ብትልም፣ እኅቴ «አኮርዲዮን ከሌለ አልዳርም» ብላ እያለቀሰች ስላስቸገረች፣ ለሙሽራ እንባ ተሸነፈች።

የሰርጉ ዕለት ወጣቱ ዳሱን አቧራ በአቧራ ሲያደርገው፣ ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን ይዘው ያዩ ነበር፤ እናቴም ከጓዳ አልወጣችም። እኅቴ በቅሎ ላይ ልትወጣ ስትል ግን እናቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗን ከአያ ዳምጤ ላይ አላነሣችም። ብርቄ አይታት ኖሮ ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። አያ ዳምጤ ዘፈኑን ከመሃል አቋርጦ፣ አኮርዲዮኑን ከደረቱ አወረደና ባዶ እጁን ወደ እናቴ ቀረበ።

«እስቲ ስጪኝ፣ እቴ» አላት።

«አባቷ ባይኖርም ዛሬ በመዳሯ፣
እኔ ሁለት ሆኜ ቆምኩላት ከበሯ።»

ተቀበላት፤ ያለ ማሲንቆ፣ ያለ አኮርዲዮን፣ ድምፁ እየተሰበረ ሁለት ጊዜ አለው። ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ ተቀበለ። እናቴ አባቴን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ አለቀስኩ። አያ ዳምጤ አኮርዲዮኑን እስከ መጨረሻው አልተወም፤ ግጥም ሲሰጡት ግን ዘግቶ ይሰማ ነበር።

አምና የልጅ ልጄ እንጅባራ ስትዳር እኔም ስንኝ መጣልኝ። ተነሥቼ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀምጦ ዘፈን የሚከፍተውን ወጣት «ተቀበል!» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወዲያው ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን አስጠጋልኝ።

«የማን ዘፈን ነው እማማ? ስሙን ይንገሩኝና እከፍትልዎታለሁ።»

«ይቅር ልጄ፣ አጫውታቸው» አልኩት። ከዚያ ሙሽሪት ዘንድ ሄጄ ስንኙን በጆሮዋ ነገርኳት። በዚያ ጩኸት መሃል ትስማኝ አትስማኝ እንጃ፤ ፈገግ ብላ ግን ራሷን ነቀነቀችልኝ።