በሊቀመንበሩ ስም የተገዛው መቃብር

እዚህ አሜሪካ፣ አዲሰን በምትባል ከተማ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ አለች። የኮሌጅ ተማሪ ሳለች የገባችበት የጥቁር ሴቶች ማኅበር፣ እነሱ ሶሮሪቲ የሚሉት፣ አባል ናት። እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰው ፎቶ መነሣታቸውን ብቻ ስለነበር የጓደኛሞች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ እድራችን ሳወራላት ግን ቀድማ የጠየቀችኝ መቃብሩ በማን ስም እንደሆነ ነው።

በሊቀመንበራችን ስም ነው ስላት መብላቷን አቆመች። የእነሱ መሥራቾች ገና ልጃገረዶች ሳሉ ማኅበሩን በሕግ ያስመዘገቡት ለወግ እንዳልነበረ አስረዳችኝ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴትን ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም። ኮሌጁ ደስ ባለው ቀን ሊበትናቸው፣ ያኮረፈች አባል ስሙን ይዛ ልትሄድ፣ ቤት ቢገዙ የአንዷ ባል ሊወርሰው ይችል ነበር። ሲመዘገብ ግን ማኅበሩ ራሱ የሕግ ሰውነት አገኘ፤ በስሙ ይገዛል፣ በስሙ ይከሳል፣ መሥራቾቹ ሁሉ አልቀው እንኳ ይኖራል።

“ስለማንተማመን አይደለም” አለችኝ። “ሰው ስለሚሞት ነው።”

ሊቀመንበራችንን ሁላችንም አንቱ ነበር የምንላቸው። በማኪኒ ከተማ በኩል ካለ የመቃብር ቦታ ለእድሩ አንድ ረድፍ የገዙት እሳቸው ናቸው። አባቴ እዚያ ተቀብሯል፤ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ የእናቴ ነበር። እናቴ ከዚህ አገር የምትፈልገው ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። “ጋሼ፣ እድሩን ኢንኮርፖሬት እናድርገው፣ በሕግ እናስመዝግበውና መቃብሩ ወደ እድሩ ስም ይዙር” አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ገላመጠኝ። እኛ ዘንድ አባትህን የቀበረልህን ሽማግሌ ወረቀት መጠየቅ ሌባ ከማለት አይለይም። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ሳቅ አሉና ይህን ከጥቁሮቹ ነው ወይ የተማርሽው አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ልጆቻቸውን ከጥቁር ጋር አትግጠሙ የሚሉት ናቸው። የቆዳችንን ቀለም እግዜር ያየዋል፤ ያን ቀን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ጥቁር ሰው አልነበረም። እናቴ ነጠላዬን ጎትታ አስቀመጠችኝና እንዳላዋርዳት ለመነችኝ። ንድድ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሩ በዓመቱ ሞቱ። እኔም እንደ ሰው አለቀስኩ፤ ደግ ሰው ነበሩ። ደግነታቸውን ግን ልጃቸው አልወረሰም፤ መሬቱን ነው የወረሰው። እዚህ ያደገ፣ መቃብሩን ለእድሩ እንዲያዞር ሊጠይቁት የሄዱትን ሽማግሌዎች በትሕትና ተቀብሎ ለስላሳ የጋበዘ ልጅ ነው።

“ማለቴ፣ ዲዱ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ በአባቴ ስም ነው” አላቸው። “ሶ፣ እድር የሚባል ሰው እዚህ ላይ የለም።”

ባዶዎቹን ቦታዎች ሸጣቸው። ጠበቃ ዘንድ ብንሄድ ማኅበራችሁን ሕጉ አያውቀውም አለን። ስቀውብኝ የነበሩት ሁሉ የጠበቃው ደጅ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

እናቴ ኩላሊቷ ደክሞ አልጋ ይዛ ነበር። ዘመዶቼ እንዳልነግራት መከሩኝ። እኔ ግን ከአባዬ ጎን ያለው ቦታ መሸጡን ነገርኳት። እሳቸው ቢኖሩ ይህ አይደረግም ነበር አለች። እሳቸው ስለሌሉ እኮ ነው የተደረገው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ታዲያ እኔን የት ልትጥሉኝ ነው?” አለች።

ስትሞት ዴንተን በሚባል ሌላ ከተማ ቀበርናት፤ ከአባቴ ርቃ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል። ሰልስቷ ላይ አዲሱ ሊቀመንበር ሊያጽናናኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቁጡ ሰው አይደለም፣ ሁሉም ይወደዋል። እድሩ ሌላ ረድፍ መግዛቱን፣ ለምዝገባው ጊዜ ስላልነበረ ለአሁኑ በራሱ ስም መደረጉን በለሆሳስ ነገረኝ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

“አንቺ አታስቢ” አለኝ። “ለአንቺም አንድ ቦታ ይዤልሻለሁ።”