በመናፈሻው በር የተቀመሰው ፍትፍት

አሰጋሽ ያን ቅዳሜ ከአቃቂ ባጃጅ ስትሳፈር ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ምሳ ቋጥራ ነበር። የልጇ የሥርጉት እጮኛ፣ የአቢ እናት ወይዘሮ እታገኝ «ከሠርጉ በፊት እስቲ አዲሱን መናፈሻ አብረን እንይ» ብላ ጠርታታለች። ጥሪውስ ደስ ይል ነበር። ጭንቁ፣ ሽማግሌ የመጣ ለት አሰጋሽ «ወንድ ልጄ ዱባይ ነው» ብላ ማለፏ ነው። ወንድዬ ያለው እዚሁ ቃሊቲ፣ ማረሚያ ቤት ነው። ሥርጉት «እማዬ፣ እንንገራቸው» ብትል፣ «ሠርጉ ይለፍ!» ብላ ዝም አሰኝታታለች።

በሩ ላይ እጮኛሞቹ ቀድመው ገቡ፤ እታገኝ ከአሰጋሽ ጎን ቀረች። ጥበቃው «ዕቃዎን ያሳዩ እናቴ» አላት።

ወይ ጉድ! የለመደ እጅ መች ባለቤቱን ያማክራል? የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች፣ ከፍትፍቱ ቆንጥራ ጎረሰች። ከድንቹም ቀመሰች። ከዳቦው ጥግ ቆርሳ አላመጠችና፣ እለፊ እስኪላት ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው።

ጥበቃው በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ እናቴ! ስንቅ አምጪ ነው ቀምሶ የሚያስገባው፤ እስረኛ ሲጠይቁ! እኛ ጋ ማንን ሊጠይቁ ነው?»

እታገኝ አልሳቀችም።

ውስጡ እንዴት ያምራል! አበባው በየቀለሙ ተደርድሯል፤ ከብረት ቁርጥራጭ የተሠራ ግዙፍ ፈረስ ቆሟል፤ ሕፃናት በትንሿ ባቡር እየጮኹ ይዞራሉ። አሰጋሽ አንዱም አልታያት። «ፈረሱ የፋብሪካ ብረት ነው አሉ» ብላ ወሬ ጀመረች።

እታገኝ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አለች። «ማን ነው የታሰረብዎት?»

«ማንም… ጎረቤት።»

«እስቲ ማርያምን ይበሉ!»

በማርያም መዋሸቱን እንኳ አልቻለችም። «ልጄ ነው፣ ወንድዬ። ጠብ ውስጥ ገብቶ ሰው ጎዳ።»

«መታሰርማ በማንም ይደርሳል። ‹ለሠርጉ ይመጣል?› ብዬ ስጠይቅዎ ‹ፈቃድ ከሰጡት› አሉኝ እኮ! አላፈሩም?»

«አፍሬ እኮ ነው የዋሸሁት።»

«አቢ ያውቃል?»

«አያውቅም። ሥርጉትንም ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን በሷ እንዳይይዙባት።»

«እንግዲያው ልጄ ዛሬ ካንቺ አፍ ይስማው» አለች እታገኝ። «እርስዎ» መባሉ ቀረ። «ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል። አግባትም፣ ተዋትም አልለውም።»

ልጆቹ አይስክሬም እየላሱ፣ እየተላፉ መጡ። ሥርጉት የእናቷን ፊት ስታይ ሳቋ ቆመ።

«አቢዬ» አለች አሰጋሽ እንደምንም፤ «ና ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጥ። የሥርጉት ወንድም ዱባይ አይደለም።»