አያ ገብሬና የእማማ ወርቄ ቅራሪ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከፔንሲዮናችን የዳር ክፍል «ኧረ የቤቱ ሰው፣ ውሃው ቆመ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የተጣራው ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ በቅርቡ ሰቆጣ የገባ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የሚከራየው ቤት እስኪያገኝ እኛ ዘንድ አርፏል። በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያየኝ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር። እንግዳው ሳሙና ለብሶ ቆሞ ባለቤቱ መሳቅ እንደሌለበት አውቃለሁ። ግን አመለጠኝ። ልጁ ተቆጣ፣ እውነቱን ነው። ምን ላድርግ፣ የሳቅኩት በእሱ ሳይሆን በአያ ገብሬ ነው።

አያ ገብሬ የጓደኛዬ የኪሮስ አባት ነበሩ። በሰቆጣ አቅራቢያ ባለው ዝቋላ ማሽላ የሚያርሱ፣ ፍየል የሚያረቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። እኔና ኪሮስ ትምህርት ጨርሰን ሥራ ብናጣ፣ ሰቆጣ ላይ ሻወር ቤት እንክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ገላ መታጠብ የለመዱ፣ በተከራዩት ክፍል ግን ቧንቧ የሌላቸው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ትክክል ነው። ውሃው ከየት ይመጣል የሚለውን ግን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ለቆርቆሮውና ለበርሜሉ መግዣ አያ ገብሬ ፍየል ሸጠው ሰጡን። ሲሰጡንም «እስከ ፋሲካ አየዋለሁ። ካልሆነ ኪሮስ ወደ ፍየሎቹ ይመለሳል» አሉ። ኪሮስ ፍየል ጠልቶ አይደለም፤ ፍየሎቹ ናቸው እሱን የማይወዱት። አንድም ቀን ያሰማራቸውን ያህል ይዞ ገብቶ አያውቅም። ከተማ የመቅረት ተስፋው ያ ሻወር ቤት ብቻ ነበር።

ሻወር ቤት ማለቴ እንግዲህ ለአፍ ያህል ነው። የቆርቆሮ ክፍል፣ ከላዩ ቆጥ ላይ የተቀመጠ በርሜል፣ ከበርሜሉ ሥር ደግሞ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በምስማር በሳስተን የሠራነው ማፍሰሻ። ውሃው ከምንጭ በሰው አህያ ይመጣል፣ ጓሮ እናሞቀዋለን፣ በባልዲ እየተሸከምን ቆጡ ላይ እንወጣለን። በኅዳር ብርዱ ራሱ ሰው አመጣልን። በጥር ሙሽሮችና ሚዜዎች መጡ፤ እኔም በሀብቴ ምን እንደማደርግ ማሰብ ጀመርኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ደጃችን ጭር አለ። በጾም በሞቀ ውሃ መንደላቀቅ ነውር የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። ኪሮስ በባዶው ሻወር ቤት በር ላይ ተቀምጦ የፍየሎቹን ስም ይከልስ ጀመር።

ስቅለት ደረሰ። ከተማው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲሰግድ ዋለ። በማግስቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ቀጤማውን በራሱ ላይ ያሰረ ሁሉ ላቡንና አቧራውን ይዞ እኛ ደጅ ተሰለፈ። እንደዚያ ያለ ሰልፍ በሕልሜም አይቼ አላውቅ። አያ ገብሬም መጡ። ለፋሲካ ገበያ ፍየሎች ይዘው ሐሙስ ገብተዋል፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ አክፍሎት ላይ ስለነበሩ እህልም ውሃም አልቀመሱም። ማታ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ሊታጠቡ ነው። ኪሮስ ከፊት ሊያስገባቸው ቢል «ሰው ቆሞ? ተራዬን እጠብቃለሁ» ብለው እምቢ አሉ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ከእግር እስከ ራሳቸው ሳሙና ተቀቡ። በርሜሉ ተንጠባጠበና ዝም አለ።

ባለ አህያው ምንጭ ላይ ወረፋ ይዞት አልተመለሰም። ወደ ጎረቤታችን፣ ጠላ ሻጯ እማማ ወርቄ ዘንድ ሮጥኩ።

«ምን ውሃ አለ ብለህ መጣህ?» አሉኝ። «የሰፈሩን ውሃ ከጠዋት ጀምራችሁ የጨረሳችሁት እናንተ። እኔ ያለኝ ቅራሪ ነው።»

ቅራሪ ምንም ቢቀጥን ሽታው ያው የጠላ ነው። ሌላ ግን አልነበረም።

«አባ» አለ ኪሮስ በቆርቆሮው በኩል። «ውሃ ጠፋ። የተገኘው ቅራሪ ነው።»

ሰልፈኛው ጆሮውን ወደ ቆርቆሮው አዘነበለ።

«የማን ቅራሪ?» አሉ ከውስጥ።

«የእማማ ወርቄ።»

«እሷስ ንጹሕ ናት። አፌን እዘጋለሁ፣ አፍስሱት።»

አፈሰስነው። መሐል ላይ አያ ገብሬ በተዘጋ አፋቸው «እምም፣ እምም» አሉ። በቃኝ ይሁን ጨምሩ ይሁን ስላልገባን እንስራውን አራገፍነው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቀጤማቸውን አስረው፣ ከንፈራቸውን እንደ ገጠሙ ወጡ። ጠላ ጠላ ይሸታሉ።

ያን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዙሪያቸው ሰፊ ቦታ ተከፈተ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «በአክፍሎት ቀን! ሽበቱን እንኳ አያፍር» ስትል ሁላችንም ሰማን። አያ ገብሬ ዞር አላሉም። ኪሮስ አንገቱን ደፋ። እኔም የሥራችን ነገር በዚያው እንዳበቃ ቆጠርኩት።

ጾሙ ሲፈታ እማማ ወርቄ ቤት ገባን፤ ዕዳ ነበረብንና። እማማ ለአያ ገብሬ ጠላ ቀድተው «ትናንት እንኳ ሳያውቁት ቀምሰውት ይሆናል» ቢሏቸው፣ «ትናንት የጠጣው ጠጉሬ ነው፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አሉና ጠጡ። እማማ ወርቄ እስኪያነቡ ሳቁ። ኪሮስ ግን አልሳቀም።

«አባ፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ወዴት?»

«ወደ ፍየሎቹ።»

አያ ገብሬ ለራሳቸው በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ አማርኛቸው ተመለሱ።

«ውሃው ያለቀው ሰው ስለመጣ ነው። ፍየሉ በዝቶ ኩሬዬን ቢጨርሰው፣ ፍየሉን አልበትንም፣ ሌላ ውሃ እፈልጋለሁ እንጂ። እናንተ የጎደላችሁ አህያ ነው።»

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አህያ ላኩልን። ተናካሽ ነበረች፤ ከደንበኞቻችንም ነክሳለች። ቢሆንም የራሳችን ናት።

ከዚያ ወዲህ ስንወድቅ ስንነሣ ኖርን። በድርቅ ዓመት ውሃው ከታጣቢው ኪስ በላይ ሆኖብን ዘጋን፤ ዝናብ ሲመለስ ክፍል ጨመርን፤ እያለ እያለ ፔንሲዮን ሆነ። ጦርነቱ ሲመጣ ከተማው ባዶ ቀረ። ክፉው ጊዜ አልፎ በራችንን ስንከፍት ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ሞላነው። እንደ ሞላ ከረመ፤ የሚያጎድለው ሰው ጠፋ። ኪሮስ ማታ ማታ እየወጣ በጣቱ ያንኳኳዋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እንደዚያ ድምፅ ያስፈራኝ ነገር የለም። አያ ገብሬ ያኔ በሕይወት አልነበሩም፤ የሚሉንን ለመስማት በጣም ናፍቄ ነበር።

ያን ሳሙና የለበሰ ወጣት ብዙ አላቆየሁትም። ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ ይዤለት ደረስኩ። በተገረበበው በር እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና በጥርጣሬ «ንጹሕ ነው?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው» አልኩት። «አፍህን መዝጋት አያስፈልግህም።»

ምን እንዳልኩት አልገባውም። ከጣሪያው ላይ ኪሮስ ታንከሩን በጣቱ ሲያንኳኳ ተሰማኝ። ባዶ ነው። ሁለታችንም ደስ አለን።