ያልተነካው አምስተኛ ቁልፍ

ወንድሜ ካረፈ ከሁለት ወር በኋላ አባቴ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ከእሱ ጋር የጀመሩትን ጽሑፍ እንድጨርስላቸው።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን ቅኔ፣ መቼና ለምን እንደተባለ ጭምር፣ ለወንድሜ ይነግሩት ጀመር። እሱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ይዞ ገጠር ቤታችን ይመጣል። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ እሱ ይጽፋል። እግራቸው እንደ ዓይናቸው ስለደከመ ከተማ መውጣት አይችሉም ነበር።

የሚጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም የፈቃድ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም መስመር ነው። አንድ ቁልፍ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያገለግላል። ቁልፍ ከሌለ የተጻፈው ሁሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ወንድሜ አንዱን ቁልፍ ለራሱ ተጠቅሞ አምስት መጠባበቂያ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አምስተኛውን በወረቀት ጽፎ፣ እንደ ክታብ አጣጥፎ ሰጠኝ።

እኔ ግን ያኔ ላፕቶፕ አልነበረኝም። ይህን ልነግረው አፈርሁ። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥሁት።

በሦስተኛው ዓመቴ አንድ ቀን ደወለልኝ።

«እታለም፣ ያ ቁልፍሽ በሥራ ላይ ነው?»

ስጦታውን እንዳልነካሁት ቢያውቅ የሚያዝንብኝ መሰለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። እየጻፍሁበት ነው።»

«ጎበዝ! በይ በርቺ። እኔ ሌላ አላጣም» አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አልጠየቅሁትም።

አሁን እኔም ተመርቄ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ጽሑፉ በፍላሽ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ቁልፍ ብቻ ነው። የእኔን ወረቀት ማውጣት ስላሳፈረኝ፣ ላፕቶፔንና ቁልፎቹ የተጻፉበትን የወንድሜን ደብተር ይዤ፣ ከመጠባበቂያዎቹ የሚሠራ ካለ ልሞክር ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ፤ ፕሮግራሙ ቁልፉን የሚያጣራው በኢንተርኔት ነውና። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች።

«አንቺ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? የመድኃኒት ስም ነው ወይስ ድግምት?»

«ቁልፍ ነው።»

«በሩስ የት አለ?» ብላ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።

በደብተሩ ላይ ከየቁልፉ አጠገብ በእርሳስ ማስታወሻ አለ። የመጀመሪያው «ለደብሩ ጽሕፈት ቤት» ይላል። አስገባሁት፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ነው አለኝ። ሁለተኛው «ለሽንዲ ትምህርት ቤት፣ ለፈተና»። እሱም ተይዟል። ሦስተኛው ቡሬ ላለ ጓደኛው፣ አራተኛው ለቀበሌው ጸሐፊ። ሁሉም ተይዘዋል። ሰው ሲጠይቀው እንቢ ማለት አያውቅም ነበር። ከአራተኛው በታች ግን አጭር ነገር ጽፏል፦ «መብራት ሲመለስ ላፕቶፔ ተቃጠለ። አዲሱ የእኔን ቁልፍ አልቀበል አለ። ሰጥቼ መቀማት ነውር ነው። እታለምን ልጠይቅ።»

አምስተኛው «ለእታለም» ይላል። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ነበረው፤ እሱን ሰርዞ «በሥራ ላይ» ብሎ ጽፎበታል።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ አመሳከርሁ። ጋሼ ራሱ ተጠቅሞበት፣ እንደ አራቱ ተይዟል እንዲለኝ ለመንሁ። ስክሪኑ ትንሽ ቆየና መለሰ። «ይህ ቁልፍ ጥቅም ላይ ውሎ አያውቅም፤ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።»

«ተከፈተ አይደል? ምነው ታዲያ ታለቅሻለሽ?» አለች ሴትዮዋ። ላፕቶፔን አጥፌ ሒሳቧን ከፈልሁ።

በማግሥቱ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ጽሑፉን ከፈትሁት። ፊደሉ ሁሉ ጥርት ብሎ መጣ። የመጨረሻው ቅኔ ግን ሁለተኛው ቤት፣ ሁለተኛው መስመሩ ላይ ተቋርጧል። ከሥሩ ወንድሜ «አባዬ ደከማቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ» ብሎ ጽፏል። ያ እሑድ ሳይመጣ ላፕቶፑ ተቃጠለ። ሌላ ቁልፍ ሲያፈላልግ ደግሞ ታመመ።

ሁለቱን ቤቶች አነበብሁላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ደግሜ አነበብሁ። ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ ሆነው ጠበቁ።

«ያን ጊዜ በአፌ ላይ ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «ሲጽፍ እያየሁት ነበር የሚመጣልኝ። አሁን ሄደብኝ፣ ልጄ።»

«ይቆዩ አባዬ፣ ይመጣልዎታል።»

«አይመጣም።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «እኛስ ለምን ነበር ያቆምነው? ቁልፍ ታጣ ብሎኝ ነበር መሰለኝ። እውነት ታጥቶ ነው?»

ከግቢው ውጭ የሚወቃ እህል ድምፅ ይሰማል። አባቴ መልሴን ይጠብቃሉ።

«አዎ፣ አባዬ» አልሁ።