ለንብ የሚነገር መርዶ

ልጅ ሳለሁ፣ ቆቦ ግቢያችን ውስጥ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የእንግሊዝኛ መምህር ከነባለቤታቸው ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንላቸው። ያኔ መብራት ከሚበራበት ማታ የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር፣ ባለቤታቸው ፍም ላይ የማሽላ እሸት እየጠበሱ፣ እሳቸው በኩራዙ ብርሃን የእንግሊዞችን ነገር ያወጉኝ ነበር፤ ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ፈቀቅ አልልም። የደወል ሰዓት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን፣ ረጅም ዘንግ ይዞ በየመስኮቱ እያንኳኳ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚቀሰቅስ ሰው ነበራቸው አሉኝ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ድቡልቡል አይብ ከአፋፍ ቁልቁል ለቀው፣ እሱን ሲያባርሩ እግራቸውን የሚሰብሩ ጎረምሶች ዛሬም አሉ ሲሉኝ ደግሞ አባቴ ከደጃፉ ሰምቶ፣ «እነዚህ ናቸው ዓለምን ገዙ የተባሉት?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቲቸር ያሉትን ሁሉ አምን ነበር።

ከዚያ አባቴ ታሞ ደሴ ሆስፒታል ገባ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሻሿን እያሰረች፣ አባትሽ ድኖ ወጥቷል፣ ጎብዬ እናቱ ቤት ሆኖ ሊያገግም ነው፣ አንቺ ነገ ትመጫለሽ አለችኝና ከአክስቴ ጋር ሄደች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያ ማታ ቲቸር ከወትሮው ይልቅ ደግ ሆኑ፤ ዝም ማለት የፈሩ ይመስል ወጉን በላይ በላዩ ደራረቡልኝ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የንቦቹን ነገር ያመጡት ሌላው ሁሉ ሲያልቅባቸው ይመስለኛል። በእንግሊዝ ገጠር የቤቱ ባለቤት ሲሞት፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቀፎው ዘንድ ሄዶ በቤቱ ቁልፍ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርግና፣ ጌታችሁ ሞቷል ብሎ ንቦቹን ያረዳል፤ ቀፎውም ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል።

«ካልተነገራቸውስ?» አልኳቸው።

«ቅር ይላቸዋል። ጥለው ይሄዳሉ» አሉና ድንገት ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ። ባለቤታቸው አቀርቅረው እሸቱን መፈልፈል ቀጠሉ።

በማግስቱ አክስቴ መጥታ ወሰደችኝ። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ደረስን። አያቴ ደጅ የተተከለውን ድንኳን ሳይ ነው የገባኝ። አባቴ የተቀበረው ትናንት ነበር። ቤት ገብቼ እናቴ ሥር ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ቲቸርም ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እንዲያጫውቱሽ እኛው ነን የለመናቸው። ልጅ ነሽ ብለን ነው።»

አባቴ አፈር በለበሰበት ማታ እኔ እሸት እየበላሁ ስስቅ አመሸሁ።

ቆቦ ስንመለስ ቲቸር ሊያጽናኑኝ መጡ። «ለንብ እንኳ ይነገራል ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው። እሳቸውም መርዶው የቤተሰብ እንጂ የተከራይ አለመሆኑን፣ አደራ ተጥሎባቸው እንደነበር ነገሩኝ። የአገሩ ደንብ ነውና እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ኩራዛቸው ሥር አልተቀመጥኩም፤ ተዛውረው ሲሄዱም ለመሰናበት አልወጣሁም።

ሰው ሁሉ ላንቺ አስበው ነው ይለኛል። አስበው እንደሆነ አልካድኩም፤ ግን የከዳኝን ሁሉ ይቅር ብዬ ያን ሳቄን ይቅር ማለት አቃተኝ። ዛሬም ጨዋታ አዋቂ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያስቀኝ፣ መሃል ላይ ሳቄ ይቆምና ፊቱን አያለሁ። ከዚያ ስልኬን ይዤ ወጣ እላለሁ፣ ቆቦ እደውላለሁ፣ እናቴን፣ አክስቴን፣ ዘመዶቼን በየስማቸው እየጠራሁ እጠይቃለሁ። ሁሉም ደህና ናቸው ይሉኛል። አላምናቸውም።