ሰም የጠገበ ወለል

አቶ አለበል ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ ወርደው አያውቁም። ወገባቸው ድኗል፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ መድኃኒትዎ መራመድ ነው፤ ከተኙ እግርዎ ይሰንፋል» ብሎ አሰናብቷቸዋል። እሳቸው ግን እግራቸው ወለል ሲነካ ላብ በላብ ይሆናሉ። የጣላቸው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በሚወስደው መተላለፊያ ላይ የለቀቀ አንድ ሴራሚክ ነው።

«እኔና ይህ ወለል ተጣልተናል። እዚሁ ልሙት» ይላሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ቁጣ አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከማሽኑ ጩኸት በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ግን ነጠላቸውን አጣፉና «ከወለሉ ጋር እኔ አስታርቅሃለሁ» ብለው ወጡ።

የሄዱት ገበያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ወደምትሸጠው ወደ ሉባባ ነበር።

«ምን ልስጥዎ፣ እትዬ አገርነሽ?»

«ሴራሚክ የማይለቅ ማጣበቂያ።»

«ይለቃል ተብሎ የሚሸጥማ የለም» ብላ ሳቀች። «ሴራሚኩ ምን ዓይነት ነው? የሚነጠፈውስ ምን ላይ?»

ወይዘሮ አገርነሽ በጨርቅ የጠቀለሉትን የለቀቀውን ሴራሚክ ስባሪ ከቅርጫታቸው አወጡ። ሉባባ በጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጋ ጠበቀች። ውሃው እንዳለ ቁጭ አለ።

«አየሁት፤ ይህ ፖርስሊን ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ተራ የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ አይነክሰውም፤ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ። ለእሱ የሚሆነው ይሄኛው ማጣበቂያ ነው» አለችና አንዱን ከረጢት መታ መታ አደረገች። «ያኛው ከረጢት ለኩሽና ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ማንም አይረግጥም። ታዲያ ዛሬ አልሸጥልዎትም። ወለሉም ላይ እንዲሁ ውሃ ጠብ አድርገው ይዩት። ከጠጣ ይመለሱ።»

«ካልጠጣስ?»

«ካልጠጣማ ወርቅ አቅልጠው ቢያፈሱበትም አይይዝም።»

ቤት ገብተው የለቀቀው ሴራሚክ ከነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ጠብ አደረጉ። ውሃው እንደ ጨሌ ድቡልቡል ብሎ ተንከባለለ። ጎንበስ ብለው አሮጌውን የሲሚንቶ ሊሾ በጥፍራቸው ፋቁት። ጥፍራቸው ሥር ቀይ ሰም ገባ። ያን ጊዜ ገባቸው። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ተንበርክከው ሰም እየቀቡ፣ በብርድ ልብስ ቁራጭ መልክ እስኪያሳይ ያሹት የነበረው ይህንኑ ሊሾ ነው። ሴራሚኩን ያነጠፈው የመጀመሪያው ሠራተኛም በዚያ ሰም ላይ ቡኮውን ለጥፎ ሄደ።

ሄደው ለባላቸው ነገሯቸው። አቶ አለበል ከግድግዳው ዘወር አሉ።

«በይ እንግዲህ! እኔን የጣለኝ የአንቺ ንጽሕና ነዋ!»

ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወለሉን እንዲሠራ የጠሩት ሴራሚክ አንጣፊ ሀዲስ ግን ቸኩሏል። «ማዘር፣ ይሄ ማጣበቂያ ኃይለኛ ነው፣ ሰም ምናምን አይፈራም። የቀረውን ሴራሚክ ነቅዬ ዛሬውኑ ላንጥፍልዎት፤ ነገ ሐሙሲት ከተማ ሥራ አለኝ።»

«ነቅለህ ሐሙሲት ሂድ፣ ልጄ። ስትመለስ ታነጥፋለህ። እስከዚያ ሰሙን አነሣዋለሁ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

መሮና መዶሻ ተውሰው ተቀመጡ። ሊሾውን እየወቀሩ ጥርስ ጥርስ አወጡለት፤ ዱቄቱን ጠረጉ፣ አጠቡ፣ እንደገና ወቀሩ። እጃቸው ውሃ ቋጠረ፤ በጨርቅ አሰሩትና ቀጠሉ። በሩ ክፍት ስለነበር አቶ አለበል ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር። መጀመሪያ «ኧረ ጣትሽን!» ይሉ ነበር። ኋላ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ኋላም ከአልጋው ጫፍ ቁጭ ብለው «የበሩን ጥግ ዘለልሽው! ከዚህ ሲያብለጨልጭ ይታየኛል!» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ። ወይዘሮ አገርነሽ የማይሰሙ መስለው ጥጉን ወቀሩት።

ወለሉ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ማጣበቂያው ተገዛ። ሀዲስ ተመለሰና ማጣበቂያውን በጥርሳሙ ብረት አበጥሮ የመጀመሪያውን ሴራሚክ አስቀመጠ።

«አንሣውና ጀርባውን ልየው» አሉት።

«ይበላሻል፣ ማዘር!»

«ይበላሽ።»

አነሣው። መሐሉ በማጣበቂያ ተሸፍኗል፤ አንዱ ጥግ ግን ባዶ ነው።

«ሰው የሚደናቀፈው በጥግ ነው፣ ልጄ።»

ሀዲስ አፈረ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱንም ጀርባ እየቀባ አነጠፈ።

እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዳይረግጠው ወይዘሮ አገርነሽ መተላለፊያውን በወንበር ዘጉት። የተነጠፈው በደንብ ሲይዝ ወንበሩን አነሡና ምርኩዙን ለባላቸው አቀበሏቸው። አቶ አለበል ዕድሜያቸውን የዘጌ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጆሯቸውን የሚያምኑ ሰው ናቸው። ከመርገጣቸው በፊት እያንዳንዱን ሴራሚክ በምርኩዝ ያንኳኳሉ፤ ድምፁ ድፍን ከሆነ ሥሩ ባዶ አይደለምና ይረግጡታል። ሚስትየው እጃቸውን አልያዟቸውም፤ ፊት ለፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ ሄዱ።

ሳሎን ደርሰው ሲቀመጡ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«የመታጠቢያ ቤቱስ ወለል?» አሉ።

«ሰኞ እጀምረዋለሁ» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።