የካሮት ስለት

ልጄ ድሮ ካሮት አይበቃትም ነበር። አባቷ እዚህ ላሊበላ በአንድ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነበር። ዘሩን ከሥራው አምጥቶ፣ ከቤታችን ጀርባ መደብ አውጥቶ ዘራው። አጠገቡ ጎመንና ዱባ ነበረን። ጎረቤቶቻችን ካሮት የፈረንጅ ምግብ ይመስላቸው ስለነበር «ልጅህን ፍየል አደረግሃት እኮ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሷ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እዚያው መደቡ ዳር ቁጭ ብላ ትቆረጥመው ነበር።

አባቷ ሕመሙ ሲጠናበት ሙጃ ከተማ ያለችው እህቱ ዘንድ ላክናት። እዚያ እያለች ሞተ፤ ቀበርነው። ከመመለሷ በፊት አማቴና ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። «ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ለሕክምና ደሴ ሄዷል በሏት፤ ጠንከር ስትል ትሰማዋለች» አሉ። እኔ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። ጥቁር ልብሴን አይታ ስትጠይቀኝ ለአጎቴ ነው አልኳት። መንደሩ በሙሉ አፉን ያዘ። አብረዋት የሚጫወቱት ልጆች እንኳ በየእናቶቻቸው ተቆንጥጠው ዝም አሉ።

ከሙጃ ከመጣች በኋላ ካሮት አልበላም አለች። ጎመንም፣ ዱባም እምቢ። እንግዳ ብርቱካን ቢያመጣላት እንኳ ለሌላ ልጅ ትሰጠዋለች። ሽሮና ቂጣ ብቻ። ካሮቱን አድቅቄ ሽሮው ውስጥ ደበቅሁት፤ ቀለሙን አይታ ሳህኑን ገፋችው። አማቴ ተናደዱ።

«እኛ በክፉ ቀን ሳማ ቀቅለን በልተን ያደግን ነን። ይቺ እመቤት ደግሞ ጎመን ትንቃለች!»

አመል መስሎኝ ነበር። ያልፋል ብዬ ተውኩት።

ከወራት በኋላ ሲመሽ ዕቃ መምታት ጀመረች። ጀንበር ስትገባ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር ወደ መኝታዋ የምትሄደው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ዓይኗን አይታ፣ የምትበላውን ጠይቃ፣ ዳፍንት መሆኑን ነገረችኝ።

«እህቴ፣ የሚሰጠው እንክብል ለጊዜው አልቆብናል። እስኪመጣ ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ማንጎም ካገኘሽ አብያት። እንዲሁ ከቆየች ዓይኗ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።»

ቤት ስንደርስ ዱባ ቀቀልኩ። ለመንኳት። ቆጣሁ። በመጨረሻ አገጯን ይዤ ማንኪያውን ወደ አፏ ሰደድኩት። ጥርሷን ነክሳ ያዘች፤ ከንፈሯ ደማ።

«አልበላም! ተስያለሁ!»

«ምን አልሽ?»

«ለማርያም ተስያለሁ! አባ ድኖ እስኪመጣ አልበላም ብያለሁ!»

ነገሩ ሙጃ የተደረገ ነው። አክስቷ ወንድሟ እንዲድንላት ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ስትሳል፣ ልጄ አጠገቧ ቆማ ነበር። እሷ የራሷ የምትለው ነገር ስላልነበራት የምትወደውን ተሳለች። ከጓሮ የሚወጣውንና ፍራፍሬውን ሁሉ ተወች።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ የልጅ ስለት አይፈቱልኝም?»

«ሕፃን ናት፣ ምን አስቸገረኝ፤ እፈታዋለሁ። ግን ‹አባቴ መጣ ወይ?› ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ደሴ ነው ይበሏት።»

«እኔም ልዋሽ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ሂጂ ልጄ፣ ንገሪያት» አሉኝ።

አማቴ ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «ልቧ ይፈርሳል! በዚህ ዕድሜዋ!»

«ዓይኗስ እማማ? ዓይኗ ቢጠፋ ምን እንላታለን?»

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «እንግዲያው ጎህ ሳይቀድ ይሁን። እንደ ትልቅ ሰው ይነገራት።»

አክስቷን ከሙጃ አስመጣን። ሁለት ጎረቤቶች በጨለማው መጡ። ልጄ ከእንቅልፏ ስትነሳ ኩራዙ በርቶ ነበር፤ እሷ ግን ማንንም አላየችም።

«እማ፣ ማነው ቤት ውስጥ ያለው?»

ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። «አባትሽ ሞቷል። ደሴ አልሄደም። አንቺ ሙጃ ሳለሽ ነው የሞተው፤ እዚሁ ቀብረነዋል።»

ሴቶቹ ጮኹ። አማቴ መሬት ላይ ወደቁ። ልጄ ግን አላለቀሰችም። ጩኸቱ ትንሽ ሲበርድ በእጇ ፊቴን ፈለገች።

«እማ፣ ካሮት ነክሻለሁ።»

«መቼ?»

«ከሙጃ የመጣሁ ጊዜ። ረሳሁና ነከስኩ። ከዚያ ተፋሁት።» ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። «በዚያ ነው የሞተው?»

ለካ አባቷ የቀረባት በዚያች አንዲት ንክሻ መስሏት ነው ያን ሁሉ ጊዜ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው።

«አይደለም። ስትነክሺ ተቀብሮ ነበር።»

«እውነት?»

«እውነት። አሁን አልዋሽሽም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ፀሐይ ወጥታም አላቆመችም።

አባቷ የዘራው ካሮት መሬት ውስጥ ቆይቶ እንጨት ሆኖ ነበር። ነቅዬ ብዙ ሰዓት ቀቀልኩት። ፊቷ ሳስቀምጠው አንዱን አንስታ ለረጅም ጊዜ አኘከች።

«አይጣፍጥም» አለች።

«ልተውልሽ?»

«አይ። ጨምሪልኝ።»

አሁን የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች። እንደ መድኃኒት ነው የምትውጠው፤ እንደ ድሮው ስትቆረጥም አላየኋትም። ዓይኗ እየተመለሰላት ነው። እኔን ግን አታምነኝም። ገበያ ደርሼ መጣሁ ስላት አትመልስልኝም። ስወጣ ጎረቤት ትሄድና «እማ እውነት ገበያ ናት የሄደችው?» ብላ ትጠይቃለች። እነሱንም አታምናቸውም። ሲመሽ ማየት ስለቻለች፣ መንገዱ ዳር ወጥታ ቆማ እስክመጣ ትጠብቀኛለች።